የታሸ እግርና የተረገጠ ጭቃ

አንድ ሰው ነበረ፤ በእግሩ የሚበላ።

ሯጭ እንዳይመስልህ። ጭቃ ረጋጭ ነው። ያገሩ ሰው ቤት ሲሠራ ማገሩን ያስመታና «በል እንግዲህ፣ ጭቃው ያንተ ነው» ብሎ እሱን ይጠራል። እሱም አፈሩን ይቆፍራል፣ ውሃ ያጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይበትንበታል፤ ከዚያ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይገባበታል። መርገጥ ማለት ዝም ብሎ መጨፍለቅ አይደለም። ተረከዙን አስቀድሞ ያሳርፋል፣ ውስጥ እግሩን ያስከትላል፣ በጣቶቹ ጠምዘዝ አድርጎ ይወጣል። ጠጠር ካለ እግሩ ያገኘዋል፤ ጎንበስ ብሎ ያወጣና ይወረውረዋል። ረግጦ ሲጨርስ ከድኖት ይሄዳል፤ ሲቦካ ተመልሶ ደግሞ ይረግጠዋል። እሱ በረገጠው ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ክረምት አይልጠውም እየተባለ ስሙ ከመንደር መንደር ይጠራ ነበር።

አውቃለሁ፣ አንዳርጌ፣ አንተ ስለ ጭቃ አልጠየቅኸኝም። «ባለፈው ከወንድሜ ጋር አስታረቃችሁን፣ ፈረሰ። ትናንት ደግሞ አስታረቃችሁን፤ ይሄም መፍረሱ አይቀርም። የሽማግሌ እርቅ ጥቅሙ ምንድን ነው? ለአንድ ቀን ልብ ማለስለስ ብቻ ነው እንዴ?» ነው ያልከኝ። ጥያቄህን ይዣታለሁ፣ አትጠፋብኝም። አንተ ደግሞ ይህን ሰው ያዝልኝ።

ይህ ሰው አንድ ማለዳ ከመደቡ ወርዶ መሬት ሲረግጥ ተረከዙን ምስማር የወጋው መሰለው። እግሩን አንስቶ አየው። ምንም የለም። እሾህ የለ፣ ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። ጥቂት ሲራመድበት ለቀቅ አደረገውና «ይሁን፣ አልፏል» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። በነጋታው ማለዳ ምስማሩ እዚያው ነበር። ማታም ከጭቃ ወጥቶ አረፍ ካለ በኋላ ሲነሳ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይረሳዋል፤ ባረፈ ቁጥር ግን ይመለስበታል። ዕረፍት የሚያስፈራው ሰው አይተህ ታውቃለህ? እሱ እንደዚያ ሆነ።

ለማንም አልተናገረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ግን እስቲ አንተ ፍረድ፤ በእግሩ የሚበላ ሰው «እግሬን አመመኝ» ብሎ ለማን ይናገራል? ነገ ማን ይጠራዋል? ተረከዙን እየሸሸ በእግሩ ጠርዝ መሄድ ጀመረ። እንዲህ ሲሄድ ሲሄድ ባቱ እንደ ገመድ ተወጠረ፣ ጉልበቱ ማጉረምረም ጀመረ፣ ወገቡም ተከተለ። ጭቃ ውስጥ እንኳ በተረከዙ ማሳረፉን ትቶ በጣቶቹ ብቻ ይቆነጥጠው ጀመር። እሱ በረገጠው ጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው ያኔ ነው። ባለቤቶቹ አክብረውት ዝም አሉ፤ እሱ ግን በዚያ ቤት በኩል ማለፍ ተወ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በደጃፉ አንድ ጎጆ ማገሩ ተመቶ፣ ጣራው ተከድኖ፣ ጭቃ ሳይለብስ ቆሟል። የሴት ልጁ ነው። ልጅቱ ባሏ ሞቶባት፣ ጨቅላ ታቅፋ፣ በባሏ ዘመዶች ቤት ጥግ ይዛ ትኖራለች። ክፉ አልተናገሯትም። ግን በቆረሰች ቁጥር እጇን ያዩባታል፣ ልጇ ባለቀሰ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አባቷ ሄዶ ይህን አየና «አይዞሽ፣ ሰኔ ሳይገባ በራስሽ ቤት ትገቢያለሽ» ብሎ ቃል ሰጥቷት ተመለሰ። ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ገባ። በማገሩ መካከል ነፋስ ያፏጫል። አባት በየማለዳው ያን ጎጆ እያየ ያነክሳል። እንዲህ ያለውን ማለዳ ለጠላትም አይስጠው።

ጎረቤቶቹ «ደቦ እንውጣልህ» ብለውት ነበር። አሻፈረኝ አለ። «የጭቃ ረጋጭ ልጅ ቤት በሰው እግር ተረገጠ ከሚሉኝ ሞቴን እመርጣለሁ» አላቸው። አይ የሰው ነገር! ቤቱ የልጅቱ፣ ኩራቱ የሱ።

በመጨረሻ ሚስቱ ነቃችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ምን ሆኗል?» አለችው።

«ምን ይሆናል? ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ናማ፣ እዚህ ፊቴ በተረከዝህ ቁም!»

ቆመ። ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። ሚስቱም አብራው አለቀሰችና በዚያው ቀን እየጎተተች ወደ ወጌሻ ወሰደችው።

ወጌሻዋ ባልቴት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ስል፣ አውራ ጣቶቿ ወፋፍራም። በሆዱ አስተኛችውና እጇን ቅቤ ቀብታ ከባቱ ጀመረች።

«እማማ፣ ያመመኝ ተረከዜ ነው እኮ» አላት።

«አውቃለሁ። ጣራህ ሲያፈስ፣ ውሃው የሚንጠባጠብበትና ሣሩ የሳሳበት ቦታ አንድ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ተኛ።»

ባቱን ስትጫነው ጮኸ። «ጩኽ፣ ጩኽ፤ እዚህ ቤት ያልጮኸ የለም» አለችው እየሳቀች። ከባቱ ወደ ተረከዙ ጅማት ወረደች። ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰችው። ከዚያ ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቷ ከተረከዝ ወደ ጣቶቹ እየተጫነች ሄደች፤ አንዳንዴ ትቆማለች፣ እንደሚሰማ ሰው ጸጥ ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ሰውየው መጀመሪያ ጥርሱን ነክሶ ነበር። እየቆየ ግን እግሩ እጇን ለመደ፤ ጥርሱም ተላቀቀ። በመጨረሻ የእግሩን ጣቶች ወደ ቅልጥሙ ወጥራ ያዘቻቸው፣ ለቀቀቻቸውና «ተነስ» አለችው።

ተነሳ። ረገጠ። ምስማሩ የለም! አላመነም፤ ደግሞ ረገጠ። ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሳቀ። ወጌሻዋ እጇን እየታጠበች «በል፣ ዛሬውኑ ጥቂት ጥቂት ተራመድበት፣ ነገም ጨምር፤ እንዳትተኛብኝ» አለችው።

ሰማት። ግን ያደገበት ነገር ከሷ ቃል በለጠበት። በዚያ አገር የታሸ ገላ ነፋስ አይንካው ነው የሚባለው፤ ብርድ ይገባበታል፣ ምች ይመታዋል። የታሸ ሰው ይጠቀለላል፣ አጥሚት ይጠጣል፣ ተኝቶ ይጠየቃል። ሚስቱ እግሩን በጋቢ ቁራጭ ጠቅልላ መደብ ላይ አወጣችው። ጎረቤትም እየመጣ «እግዜር ይማርህ» አለው። እኔማ ደስም ያለው ይመስለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሲረግጥ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ ተኝቶ ቢጠየቅ ማን ይጠላል? ሳምንቱን እንዲሁ አሳለፈው። ከዚያ ወረደና ረገጠ። ምስማሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

ተመልሶ ሄደ። አሸችው፣ ለቀቀው። ቤቱ ገብቶ ተጠቀለለ፣ ተኛ፣ ተነሳ። ያው ነው። አሁን ተናደደ። «አጥንቴ ከቦታው ወጥቷል፣ አልመለሰችልኝም። ለሰዓቱ ታደነዝዘዋለች እንጂ እሷ ምን ታውቃለች!» አለ። ሰማዩ በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል። ከልጅቱም ዘንድ መልእክት መጣ፤ «አባዬ፣ እግርህ እንዴት ሆነልህ?» የሚል ብቻ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል የለበትም። ይህ አንጀቱን በላው። «ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው» አለ።

ዱላውን አነሳና እያነከሰ ወደ ወጌሻዋ ሄደ፤ ሊታሽ ሳይሆን ሊጣላ።

ሲደርስ ጓሮዋ ውስጥ አገኛት። ግድግዳዋ ተሰንጥቆባት ሰው ጠርታ ጭቃ አስረግጣ ኖሯል። ሕመምተኛ ሲበዛባት ሳታስመርገው ቀረችና ጭቃው በፀሐይ ደርቆ አለት ሆነ። አሁን ከጠዋት ጀምራ ውሃ እያፈሰሰችበት፣ በዶማ እየፈነቀለችው፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ሰውየው ይህን ሲያይ የመጣበትን ጠብ ረሳው።

«ምን ነካዎት እማማ! የተረገጠ ጭቃ እንዲህ ይተዋል?»

«ተረግጧል እኮ ልጄ።»

«ቢረገጥስ! መርገጥ ማለስለስ ነው እንጂ ግድግዳ ማቆም ነው እንዴ? ለስልሶ ሳለ ካልመረጉት ወደነበረበት ይመለሳል። የዚያን ሰው ጉልበት በከንቱ ጨረሱት!»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ረጋጩ አጥፍቷል በለኛ።»

«ረጋጩ ምን አደረገ? እሱማ የሱን ጨርሷል። ያጠፉት እርስዎ ነዎት፤ አስረግጠው ሲያበቁ ትተውት ተኙ!»

ወጌሻዋ ዶማውን ጣለች። ወገቧን ይዛ ተንከትክታ ሳቀች፤ ሳቋ እስኪያልቅ ሰውየው ግራ ገብቶት ቆሞ ጠበቃት።

«ባለሙያው፣» አለችው ዕንባዋን እየጠረገች፣ «አንተስ እኔ ካሸሁት በኋላ እግርህን ምን አደረግከው?»

ሰውየው ቁልቁል ተመለከተ። የጋቢው ቁራጭ አሁንም እግሩ ላይ ነበር። እሱን አየ፣ የደረቀውን ጭቃ አየ፣ ደግሞ እግሩን አየ።

«ና፣ ተቀመጥ» አለችው፤ አሁን ድምጿ ለስልሷል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ ጨርቁን ትፈታለት ጀመር።

«እማማ፣ አጥንቴ አልወጣም እንዴ?»

«የወጣ አጥንት የለህም።»

«ታዲያ ምን አድርገው ነው ሲያሹኝ የሚለቀኝ?»

«እውነቱን ልንገርህ? አጥርቼ አላውቀውም። እናቴም ታሽ ነበር፣ እሷም አታውቀውም። የሚመስለኝን ግን ልንገርህ። እግርህ ብዙ ረገጠና ተጎዳ። ተጎዳና ደግሞ ፈራ። የፈራ ሥጋ ይጨበጣል፣ የተጨበጠ ሥጋ ደግሞ ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ ያማል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ሲመታ እናቱ እሽሽ እያለች ታሽለታለች፤ ዝም ይላል። ጉልበቱ ዳነ? አልዳነም። ግን ፍርሃቱ ለቀቀውና ተነስቶ ሮጠ። እኔም እግርህን ሳሸው አይዞህ ማለቴ ነው። የተጨበጠው ይፈታል፣ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ገለል ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። አይዞህ የተባለ እግር ካልተራመደ ተመልሶ ይፈራል። አንተማ ጭራሽ ጠቅልለህ አስተኛኸው፤ እሱም 'ለካ መፍራቴ ልክ ነው' ብሎ አመነ።»

ይህን እያለች ባቱን ይዛ ነበር። እዚያው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ አሸችው፤ ባቱን፣ ጅማቱን፣ ውስጥ እግሩን። ስትጨርስ ጨርቁን ለመጠቅለል እጁን ሰደደ። ቀማችውና ወዲያ ወረወረችው።

«ነፋሱስ?» አለ ደንግጦ።

«ይንካህ! ነፋስ ስንቱን ረጋጭ ገድሏል? ተነስ። ያቺ የጭቃው ጠርዝ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠጥታ ለስልሳለች። ግባባት።»

ሰውየው ከጭቃው ዳር ቆመ። ልንገርህ፣ በዚህ ዕድሜው ጭቃ ፈራ። ስንት ቤት ያለበሰ እግር ከጉድጓድ አፋፍ እንደደረሰ ወደ ኋላ አለ። አሁንም ምስማሩ ቢወጋውስ? እንግዲህ እኮ መጨረሻው መሆኑ ነው፤ የልጅቱ ቤትም ቀረ ማለት ነው። ወጌሻዋ አልገፋችውም፣ እጇን ብቻ ሰጠችው። ያዛትና ገባ። በጣቶቹ ሊቆነጥጥ ሲል «በተረከዝህ!» አለችው። ተረከዙን አሳረፈ። አመመው። ግን የሚቻል ሕመም ነበር። ሌላኛውን አስከተለ። ውስጥ እግሩን ዘረጋ፣ በጣቶቹ ጠምዘዝ አድርጎ ወጣ። ደግሞ ረገጠ። ከዚያ አንድ ነገር ተረከዙን ቆረቆረውና ቀጥ አለ።

«ምነው? ተመለሰብህ?» አለች ወጌሻዋ።

ሰውየው ጎንበስ አለ፣ እጁን ጭቃው ውስጥ ሰደደ፣ አንዲት ጠጠር አወጣ። አገላብጦ አያት። እግሩ እንደ ጥንቱ ጠጠር አገኘ! ጠጠሯን ከአጥሩ ወዲያ ወረወራትና ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ።

«በቃ፣ ውጣ» አለችው።

«ገና ነኝ እኮ እማማ፣ አሁን ሞቀልኝ።»

«ጭቃ በአንድ ቀን ይቦካል?»

«አይቦካም።»

«እግርም እንደዚያው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ማለዳ ከመደብህ ሳትወርድ ጣቶችህን ወደ ራስህ ስበህ ያዝ። ከዚያ ደፍህ ጠርዝ ላይ በጣቶችህ ቁምና ተረከዝህን ቀስ ብለህ ወደ ታች ልቀቀው። ቀጥለህ ጥቂት ርገጥ፤ ሲብስብህ ውጣ፤ በነጋታው ድገመው። ስትፈራ ወደኔ ና፣ አሽሃለሁ። ግን ልትተኛ እንዳትመጣ!»

ቤቱ ሲገባ ዱላውን ከበሩ ኋላ አቆመውና ሚስቱን «ጎረቤቶቹን ጥሪልኝ» አላት። ኩራቱንም እዚያው ጭቃ ውስጥ ትቶት መጥቶ ነበር። ደቦው ወጣ። ሌሎቹ ሲረግጡ እሱ ጥቂት ይረግጣል፣ ወጥቶ ይቀመጣል፣ አፈሩን ይመራል፣ «ኧረ በተረከዝህ እንጂ!» እያለ ይጮህባቸዋል፣ ደግሞ ይገባል። በየቀኑ ትንሽ ጨመረ። የመጨረሻውን ዙር፣ የበሩ ጎንና ጎን የተመረገበትን ጭቃ፣ ራሱ ብቻውን ረገጠው። ልጅቱ ጨቅላዋን አዝላ በገባች በሳምንቱ ክረምቱ ገባ። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ማለዳ አባቷ ሄዶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። ይዟል። ልጅቱም ከውስጥ «አባዬ፣ ግባ እንጂ፣ ለምን ዝናም ትመታለህ?» አለችው። በራሷ ቤት ሆና «ግባ» ስትለው መስማቱ ያን ሁሉ ሕመም አስረሳው።

ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽህም። አንዳንድ ማለዳ ይጠይቀው ነበር። እሱም ጣቶቹን ሳብ አድርጎ፣ ደፉ ላይ ቆም ብሎ ይወጣና ወደ ሥራው ይሄዳል።

አየህ፣ አንዳርጌ፣ እኛ ሽማግሌዎች ወጌሻዎች ነን። የሆነውን እንዳልሆነ አናደርገውም። ወንድምህ የእናታችሁን ተዝካር ሳይጠራህ አውጥቷል፤ ሆኗል። አንተም በሰው ፊት «እናት የለህም» ብለኸዋል፤ ያን ቃል ከጆሮው ማውጣት አንችልም። የኛ ሥራ የተጨበጠውን ማሸት ነው። ባለፈው ስትሳሳሙ አጠገባችሁ ነበርኩ። ሁለታችሁም አልቅሳችኋል፣ እኔም አልቅሻለሁ። ውሸት አልነበረም፣ ለስልሳችሁ ነበር። በማግስቱስ ምን አደረግህ? እርቅህን ጠቅልለህ ቤትህ ተኛህ። ቤቱ አልሄድክም፣ ልጆቹን አልሳምክም፣ በሬ አልተዋሳችሁም። መንገድ ላይ ስትገናኙ፣ እርቁን ነፋስ እንዳይነካው ይመስል፣ ጥግ ጥጋችሁን ይዛችሁ አለፋችሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ ብትረግጠው ወጋህ። ወጋህና «የሽማግሌ እርቅ ለሰዓቱ ነው» ብለህ ልትጣላኝ መጣህ።

አልቆጣህም፣ ልጄ። እግሩን ያመመው ሰው መሬት ቢፈራ አይፈረድበትም። ስትረግጠው ያምሃል፤ ወንድምህ አንዲት ክፉ ቃል ታመልጠው ይሆናል፣ አንተም ፊትህ ይጠቁር ይሆናል። ጠጠሯን አውጥተህ ጣላትና ቀጥል። ከባሰብህ ውጣ፣ ነገ ተመለስ። እኛም እንደገና እናሻችኋለን፣ እጃችን አልደከመም።

ግን ትናንት ነው የታሻችሁት። ጭቃው ዛሬ እርጥብ ነው። ወንድምህ ደግሞ ባቄላውን ሊያጭድ ብቻውን ሲወርድ ጠዋት አይቼዋለሁ። ምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? ማጭድህ የታለ?